ባዶው ሣጥን

ባለፈው ወር አንድ ማታ በመኝታ ቤታችን ውስጥ ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። የክርክሩ መነሻ አንድ ጓደኛችን ያሳየን ፎቶግራፍ ነው። በእንግሊዝ አገር አሮጌ ሞተር ሳይክል እየጠገኑ የሚነዱ ሰዎች ለጉዞ ተሰልፈው ይታያሉ፤ ከተሰለፉትም መካከል ሁለት ሽበታም ወይዘሮዎች አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር አያስፈልግም፤ የስድስት ወንዶች መኝታ ቤት ምን ዓይነት ሸንጎ እንደ ሆነ የማያውቅ አንባቢ የለምና። አንዱ «ሴት ልጅና ሞተር ሳይክል አይገጥሙም» አለ። ሌላው «ፈረንጅ ሥራ ሲፈታ የሚያደርገው ነው» አለ። የሕግ ተማሪው ከአልጋው ላይ ተነሥቶ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 35 ጠቅሶ ስለ ሴቶች መብት ተሟገተ። እኔ ግን ጸጥ አልሁ። ከዚህ ቀደም በክርክር ዝም ብዬ ስለማላውቅ፣ «አንተ የራያ ልጅ፣ ምነው ዛሬ ዱላህን ጣልህ?» እያሉ አሾፉብኝ።

ዝም ያልሁት ሐሳብ አጥቼ አይደለም። ስለዚሁ ነገር አስቀድሞ በቤታችን ፍርድ ተሰጥቶ ስለ ነበርና ፈራጁም እኔ ስለ ነበርሁ ነው። ያን ማታ ያልተናገርሁትን እነሆ በዚህ መጽሔት እናገራለሁ።

በፎቶግራፉ ልጀምር። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 የተቋቋመ የአሮጌ ሞተር ሳይክል ወዳጆች ክበብ አለ። ዓላማው አሮጌው ሞተር ተጥሎ እንዳይቀር፣ ይልቁንም መንገድ ላይ ወጥቶ እንዲታይ ማድረግ ነው። ዛሬ አንድ ሞተር በዚያ ክበብ ዘንድ እንዲቆጠር 25 ዓመት ከሞላው ይበቃዋል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ብቻዬን ሳቅሁ። በዚህ ሚዛንማ ከሆነ በቆቦ ከተማ ባሕር ማዶ ክብር የሚያገኝ ስንት ነገር አለ! እኛ አሮጌ የምንለውን እነሱ ቅርስ ይሉታል። ልዩነቱ እነሱ አሮጌውን የሚነዱት አዲስ ስላላቸው ሲሆን፣ እኛ የምንነዳው አዲስ ስለሌለን ነው።

የሴቶቹም ነገር ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ1908 ዓ.ም. ክረምት አውጉስታና አደላይን ቫን ቢዩረን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እህትማማቾች፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው «ኢንዲያን» ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጠው፣ ከኒው ዮርክ ተነሥተው እስከ ሎስ አንጀለስ ድረስ አገራቸውን አቋረጡ። በመንገዳቸው ላይ የወንድ ልብስ ለብሳችኋል ተብለው ፖሊስ ያዛቸው። ለምን ይህን ሁሉ ደከሙ ቢሉ፣ ሴት በጦር ሠራዊት ውስጥ በሞተር ሳይክል መልእክት ለማድረስ እንደምትችል ለማስመስከር ነው። መንገዱን ፈጸሙት፤ ሠራዊቱ ግን አልቀበልም አለ።

ዳግመኛም ታኅሣሥ 2 ቀን 1927 ዓ.ም. ቴሬዛ ወላክና ፍሎረንስ ብሌንኪረን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ወይዛዝርት፣ ባለ 600 ሲሲ «ፓንተር» ሞተር ላይ የጎን መቀመጫና ተጎታች ቀጥለው ከለንደን ተነሡ። የሰሐራን በረሃ አቋርጠው ሐምሌ 22 ቀን በዚያው ዓመት ኬፕ ታውን ገቡ። ታሪክ ለሚያጠና ተማሪ ቀኑ ብቻውን ይናገራል፤ ሴቶቹ ከለንደን የተነሡት የወልወል ግጭት ከሆነ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ነው። እነሱ ኬፕ ታውን በገቡ በሦስተኛው ወር ጣልያን መረብን ተሻገረ። ወላክም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአገሯ ሠራዊት ውስጥ በሞተር ሳይክል መልእክት አድራሽ ሆና አገለገለች። ይህችን «መልእክት አድራሽ» የምትል ቃል አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እንፈልጋታለን።

አሁን ወደ አገሬ ልመለስ። ከወልድያ ወደ ሰሜን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄዱ፣ ጎብዬንና ሮቢትን አልፈው ቆቦ ይገባሉ። በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ ቆሟል፤ ከእሱ ማዶ የአፋር ቆላ ነው። በመካከሉ ያለው ሜዳ የማሽላና የጤፍ አገር ነው። ማሽላው ሲያድግ ሰው ከነሞተሩ ቢገባበት አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። ክረምት ሲሆን ዋልካው ጎማ ይይዛል፤ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍም ዛሬ መንገድ የነበረውን ነገ ወንዝ ያደርገዋል።

አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ በዚህ ሜዳ ላይ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። አገሬው ስሟን ትቶ «ሲስተር» ነው የሚላት። የምትነዳው ሞተር ሳይክል «ያማሃ ኤጂ 100» የሚባለው ነው። ጃፓኖች በመጀመሪያ ለገበሬ ብለው የሠሩት ሲሆን፣ ሞተሩ 97 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ምት ነው። ሰንሰለቱ አቧራና ጭቃ እንዳይነካው በቆርቆሮ የተሸፈነ ነው፤ በግራም በቀኝም ማቆሚያ እግር አለው፤ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አለው። ቀድሞ የመንግሥት ነበር፤ አርጅቶ በጨረታ ሲሸጥ አክስቴ ከደመወዟ ባጠራቀመችው ገንዘብ ገዛችው። ይህ የሆነው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ በዕድሜ ታላቄ ነው፤ በቤታችን ውስጥም እንደ ታላቅ ይከበራል።

በኋለኛው መጫኛ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰማያዊ ሣጥን ይታሰራል። ይህ የክትባት ሣጥን ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ካልተጠበቀ ይበላሻል፤ ስለዚህ በሣጥኑ ዙሪያ የበረዶ ከረጢት ይደረደራል። በቆቦ ሙቀት በረዶው መቅለጡን አይተውም፤ በዚህ ምክንያት የአክስቴ ጉዞ ከፀሐይ ጋር እሽቅድምድም ነበር። ሰፊው የክትባት መርሐ ግብር በአገራችን የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሆኑ ከሠላሳ ሺህ በላይ ሴቶች ወደ የቀበሌው ተሠማርተዋል፤ አብዛኞቹ ግን መንገዱን የሚያደርሱት በእግራቸው ነው። አክስቴ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነበረች።

በልጅነቴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከኋላዋ ተፈናጥጬ፣ ሣጥኑን በጀርባዬ ደግፌ አብሬያት እሄድ ነበር። መንደር ስንደርስ ሕፃናት ይሮጣሉ፤ እናቶች የታዘለ ልጃቸውን እያወረዱ ይሰለፋሉ። ስንመለስ ጥንቅሽ ይሰጡናል። ከዚያ ጉዞ የቀረኝ አንድ ዕውቀት አለ፤ እሱም የሞተሩ ክፍሎች ስም ነው። አክስቴ መንገድ ላይ ሲበላሽባት ራሷ ታበጀዋለች፤ እኔ መፍቻ አቀባይ ነኝ። «ካንዴላውን አምጣ፤ ካርቡራቶሩን ያዝ፤ ፍሪሲዮኑን ሳብ፤ ማርሹን አስገባ፤ ፍሬኑን ልቀቅ» ትለኛለች። በኋላ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ቋንቋ ስማር፣ እነዚህ ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ መሆናቸውን ዐወቅሁ። ቆቦን አቋርጦ የሚያልፈው አውራ ጎዳናም ጣልያን በወረራው ጊዜ የሠራው ነው። እንዲህ ከሆነ መንገዱም ቃላቱም የመጡት አብረው ነው ማለት ነው። ዳሩ ግን አንድ ነገር አስተዋልሁ። ክፍሎቹ ሁሉ የጣልያን ስም ሲኖራቸው፣ ሙሉውን አካል ሕዝባችን «ዶቅዶቄ» ብሎ በድምፁ ሰይሞታል። የሌላውን ብረት ተቀብሎ ስሙን ለራሱ ጆሮ እንዲስማማ አድርጎ ማውጣት ትንሽ ብልሃት አይደለም።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ግን ያ «ዶቅዶቄ» የሚለው ስም እኔን ያሳፍረኝ ጀመር። ልጆቹ «የዶቅዶቄዋ ልጅ» አሉኝ። የማንም አክስት እንዲህ ያለ ነገር ላይ አትቀመጥም። አንድ ቀን ጠዋት፣ ከትምህርት ቤቱ በር በፊት ያለው ዋርካ አጠገብ ስንደርስ፣ «እትዬ፣ እዚህ ልውረድ፤ የቀረውን በእግሬ እሄዳለሁ» አልኋት። ምክንያቱን አልጠየቀችኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ሳልናገር ዋርካው ዘንድ ስትደርስ ትቆማለች፤ እኔም እወርዳለሁ። ይህ ሁለት ዓመት ቆየ።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ገባ፤ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻም ተመልሶ መጣ። ያን ጊዜ አክስቴ ሞተሩን ሌሊት ፈታችው። ካርቡራቶሩን በጨርቅ ጠቅልላ በእህል ጉድጓድ ውስጥ ቀበረች፤ ካንዴላውን በቀሚሷ ጫፍ ቋጠረች፤ ጎማዎቹን አውልቃ ከማሽላ አገዳ ክምር ሥር ሸሸገች፤ የቀረውን አካል ደግሞ በበረቱ ውስጥ አጋድማ ድርቆሽ አለበሰችው። «ሙሉውን ቢያገኙት ይወስዱታል፤ የተፈታ ነገር ግን ለማንም አይረባም» ትል ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነቱ ሲፈረም ካንዴላውን ከቀሚሷ ፈታች። ሞተሩ ሲገጣጠም አንድ ብሎን ብቻ ጎደለ። እርግጥ በክልላችን ከዚያ በኋላም ሌላ ግጭት ተነሥቶ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሞተሩ ግን ያለ ካንዴላ አላደረም።

አክስቴ ዕድሜዋ ሞልቶ ጡረታ ወጣች። እኔም ወደዚህ መጣሁ። ለዕረፍት ስመለስ እንደ ቀድሞው ሰማያዊውን ሣጥን ከኋላዋ አስራ ስትወጣና ስትገባ አያለሁ። ጡረታ ወጥታም ያለ ደመወዝ ታገለግላለች ብዬ አሰብሁ፤ ለጓደኞቼም በኩራት አወራሁ። እንደ እውነቱ ከሆነ በልጅነቴ ያፈርሁባትን በዚህ ኩራት የካስሁ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው የገና ዕረፍት አባቴ ጉባኤ ጠራን። አክስቴ ጉልበቷ ታሞ ሞተሩን ረግጦ ማስነሣት ተስኗታልና፣ ሞተሩን ለታናሽ እህቴ ልስጣት አለች። እህቴ ዕድሜዋ 19 ነው፤ በከተማው የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ትማራለች፤ ነጂነትንም አክስቴ ራሷ አስተምራት መንጃ ፈቃዷን አውጥታለች። አባቴ ግን አመነታ። ቡናው ቶና ደርሶ ነበር። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ የተማርህ ነህ፤ እስቲ ፍረድ» አለኝ።

እኔም እንደ ተማረ ሰው ጉሮሮዬን ጠርጌ ተናገርሁ። «ሴት ልጅ ሞተር መንዳቷን አልቃወምም። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. በአየር መንገዳችን የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆናለች፤ ስለዚህ የመቻል ጥያቄ የለም። ዳሩ ግን እትዬ የምትነዳው ለሥራ ነበር፤ ሕዝብ ለማዳን ነበር። እህቴ ለምን ትነዳለች? እንዲያው ለመንሸራሸር ከሆነ ሰው ምን ይላል? ይሸጥና ገንዘቡ ለትምህርቷ ይዋል» አልሁ። ፍርዱ ለራሴ አማረኝ። አባቴም ራሱን ነቀነቀ።

አክስቴ ምንም ሳትል ተነሥታ ወጣች። ስትመለስ ሰማያዊውን ሣጥን ይዛ መጥታ ከፊቴ አስቀመጠችውና፣ «ክፈተው» አለችኝ።

ከፈትሁት። ባዶ ነበር። በረዶ የለው፣ ክትባት የለው፤ የውስጡ ግድግዳ እንኳ ከደረቀ ቆይቷል።

«ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባዶ ነው» አለች። «በመጀመሪያው ሳምንት ያለ ሣጥን ወጣሁ። ነፋስ ልቀበል፣ እስከ ጎብዬ ደርሼ ባልንጀራዬን ልጠይቅ ብዬ ነው። ሠላሳ ዓመት ደኅና ዋይ ሲለኝ የኖረው ሰው ሁሉ ያን ቀን መንገድ ላይ እያቆመ፣ ‹ሲስተር፣ ወዴት ነው? ደኅና አይደለሽምን?› አለኝ። አንዱማ ለአባትህ መጥቶ፣ ‹እህትህ በእርጅናዋ ምን ነካት› ብሎታል። በማግሥቱ ሣጥኑን መልሼ አሰርሁት። ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ የለም። ሠላሳ ዓመት ያለፍሁት እኔ መስዬኝ ነበር፤ ለካ ያለፈው ሣጥኑ ኖሯል።»

አባቴ ሲኒውን እያየ ዝም አለ። እህቴ ግን ዝም አላለችም። «እኔ ባዶ ሣጥን አልሸከምም» አለች። በቁጣ አልነበረም፤ ቡና አልጨምርም እንደሚል ሰው ረጋ ብላ ነው የተናገረችው።

የእኔ ፍርድ በዚያው ፈረሰ። መፍረሱ ብቻ አይደለም፤ ከየት እንደ መጣም ታየኝ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ዋርካው ሥር ያወረደኝ ሐሳብ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አነጋገር አሳመረ እንጂ ሌላ አይደለም። ሴት ልጅ ሞተር ላይ ስትቀመጥ እኛ የምንፈቅድላት ምክንያት ስታሳየን ነው፤ ነጭ ጋዋን፣ የመንግሥት ታርጋ፣ የክትባት ሣጥን። ወንድ ልጅ ግን በአዲስ ሞተር ከተማውን ቀኑን ሙሉ ሲዞር ቢውል፣ «ወዴት ነው?» ብሎ የሚያቆመው የለም። እነዚያ አሜሪካውያን እህትማማቾችም አገር ሲያቋርጡ መልእክት አድራሽነትን ምክንያት አድርገው ይዘው ነበር። እነሱም የየራሳቸውን ሣጥን ጭነው ነበር ማለት ነው፤ ፖሊሱ ግን ሣጥኑን ሳይሆን ሱሪያቸውን አየ። በፎቶግራፉ ላይ ያሉት ሽበታም ወይዘሮዎች ደግሞ ምንም አልጫኑም። ጓደኞቼን ያስደነቃቸው የሞተሩ ማርጀት ወይም የሴቶቹ መሸበት አይመስለኝም፤ ሴት ልጅ ያለ ጭነት፣ ደስ ስላላት ብቻ ስትሄድ ማየታቸው ነው።

ለሥራ መንዳት አይናቅም። በአክስቴ ሣጥን ስንት ልጅ ከኩፍኝ እንደ ዳነ እግዚአብሔር ያውቃል። ነገር ግን በአገልግሎት የተገኘ ፈቃድ አገልግሎቱ ሲያልቅ የሚነጠቅ ከሆነ፣ ከመጀመሪያውም ለሴቲቱ አልተሰጠም። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ከባዶ ሣጥን ነው ያገኘሁት።

ከቆቦ የምመለስበት ቀን ንጋት ላይ እህቴ ሞተሩን ከግቢ አወጣችው። ሁለት ጊዜ ረግጣ በሦስተኛው ተነሣ፤ ሰማያዊው ጢስ ግቢውን ሞላው። አክስቴ በር ላይ ቆማ ድምፁን አዳመጠችና፣ «ዘይቱ በዝቷል» አለች፤ ምርቃቷም ወቀሳዋም ይኸው ነበር። የኋለኛው መጫኛ ላይ ሻንጣዬ ብቻ ታሰረ። ሰው ወደ ገበያ ሲወጣ፣ ግመሎቹ በአስፋልቱ ዳር ሲሰለፉ፣ እኔ ከታናሽ እህቴ ኋላ ተፈናጥጬ በከተማው መካከል አለፍሁ። ብዙ ሰው ዞሮ አየን። ፊቴ አልጋለም ብል ሐሰት ነው።

ዋርካው ዘንድ ስንደርስ ሞተሩ ቀዘቀዘ። እህቴ ዞር ብላ፣ «እትዬ ነግራኛለች፤ እዚህ ልተውህ ወይ?» አለችኝ።

«ግዴለም፤ እስከ መናኸሪያው እንሂድ» አልኋት።

ማርሽ ቀየረች።